እንጨቱን ምን በላው? የጥንታዊ እንጨት መበስበስ እንዴት ይነበባል
(በሱሉልታ ለግንባታ ባለሙያዎች፣ ለአብያተ ክርስቲያናት ንብረት ጠባቂዎችና ለአርኪዮሎጂ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ ሜዳ መሠረት የሚቆፍር ኤክስካቫተር ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ጥቁር ምሰሶ አወጣ እንበል። የመጥረቢያው ምት ገና ይታያል፤ ቅርፊቱም አልተላጠም። ፎርማኑ «ይሄማ ጤነኛ ነው» ብሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ያጋድመዋል። ከቀናት በኋላ ምሰሶው በቁመቱ ተሰነጣጥቆ፣ ተጨማድዶና ተጣሞ ይገኛል። የመጥረቢያው ምልክትም አብሮ ጠፍቷል። ምሰሶው ከመሬት ሲወጣም ጤነኛ አልነበረም፤ ቅርጹን ይዞለት የቆየው ውሃ ነው።

የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መበስበስ ራሱ ማስረጃ ነው። አንድን ጥንታዊ እንጨት ማን እንደበላው ካወቅን፣ የት ቆሞ እንደነበር፣ ረጥቦ ያውቅ እንደሆነ፣ አየር ያገኝ እንደነበር እንረዳለን። እንዴት እንደምናድነውም የሚወሰነው በዚሁ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ በፊት በላተኛውን መለየት ይቀድማል። በተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው የዚህ ግልባጭ ነው።

የእንጨት ሴል ግድግዳ አሠራሩ ከጭቃ ቤት ግድግዳ ጋር ይቀራረባል። ማገሩ ሴሉሎስ ነው፤ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ጭቃው ሊግኒን ነው፤ እንደ ዛፉ ዓይነት ከ18 እስከ 35 በመቶ። ሁለቱን የሚያያይዘው ጭድ ደግሞ ሄሚሴሉሎስ ነው፤ ከ20 እስከ 35 በመቶ። እንደ ጥድና ዝግባ ያሉት ዛፎች ከእነ ወይራ፣ ዋንዛና ኮሶ ይልቅ በአብዛኛው ሊግኒን ይበዛላቸዋል። ግድግዳው አንድ ወጥ አይደለም፤ ንብርብር አለው። ከንብርብሮቹ ሁሉ ወፍራሙ፣ ሁለተኛው ግድግዳ የሚባለው የውስጠኛው ድርብ መካከለኛ ክፍል ነው፤ ብዙው ሴሉሎስ ያለው እዚያ ነው። ሴል ከሴል የሚያጣብቀው ቀጭን ንብርብር ደግሞ በሊግኒን የበለጸገ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን፤ የበሰበሰ እንጨት ጤነኛ መስሎ የሚያታልለን በዚህ ምክንያት ነውና።

በላተኞቹ በዋናነት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው። ምስጥና ነቀዝ ራሳቸውን የቻሉ ርዕሶች ስለሆኑ ዛሬ እናልፋቸዋለን።

ፈንገስ እንጨት ለመብላት ውሃም አየርም ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ አይነካውም። ከ25 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ የሴሉ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ይጠግባል፤ ከዚያ ሲያልፍ ለፈንገሱ ገበታው ተዘረጋለት ማለት ነው። እንጨቱ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከሰጠመ ደግሞ አየር ስለሚያጣ አብዛኛው ፈንገስ መኖር አይችልም።

የመጀመሪያው ቡናማ ብስባሽ ይባላል። ማገሩንና ጭዱን ወስዶ ጭቃውን ይተወዋል። እንጨቱ ይጠቁራል፤ ቁመቱንም ወርዱንም አቋርጦ ወደ ትንንሽ ኩቦች ይሰነጣጠቃል፤ በጣት ሲያሹት ቡናማ ዱቄት ይሆናል። አደገኛነቱ በፍጥነቱ ነው። ይህ ፈንገስ ኢንዛይሙን ከመላኩ በፊት ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተገናኝተው የሚፈጥሩትን ኃይለኛ ኬሚካል ወደ ግድግዳው ያሰርጋል፤ ረጃጅሙ የሴሉሎስ ሰንሰለት ገና በጠዋቱ ይቆራረጣል። በዚህ የተነሣ እንጨቱ ከክብደቱ 10 በመቶ እንኳ ሳይቀንስ ግማሽና ከዚያ በላይ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል። በዓይን ምንም ያልታየበት የጣሪያ ወጋግራ ድንገት የሚሰበረው አንዱ በዚህ ነው።

ሁለተኛው ነጭ ብስባሽ ነው፤ ሊግኒኑንም ይበላል። እንጨቱ ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ እንደ ቃጫ ይተረተራል። አንዳንዱ ዝርያ ሁሉንም እኩል ይበላል፤ አንዳንዱ ሊግኒኑን አስቀድሞ ሴሉሎሱን ለኋላ ያቆያል።

ሦስተኛው ለስላሳ ብስባሽ ነው፤ ለአርኪዮሎጂ ሰዎች ዋናው ይህ ነው። ሌሎቹ የማይችሉትን ይችላል፤ በጣም በረጠበ፣ ጨው በበዛበት፣ እየረጠበ እየደረቀ በሚለዋወጥ ቦታ ይኖራል። በወፍራሙ ንብርብር ውስጥ የሴሉሎሱን አቅጣጫ ተከትሎ ጫፋቸው የሾለ ጉድጓዶች ይቦረቡራል። ከላይ የለሰለሰ ጥቁር ሽፋን፣ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ይሁን።

ባክቴሪያዎቹ ይዘገያሉ። ዋሻ ቆፋሪ የሚባሉት አየር ይፈልጋሉ። ሸርሻሪ የሚባሉት ግን አየር በጠፋበት ቦታ እንኳ ከሴሉ ባዶ መሐል ወደ ውጭ እየሸረሸሩ ወፍራሙን ንብርብር ይበሉታል። የሚተዉት ያን በሊግኒን የበለጸገውን የማጣበቂያ ንብርብር ነው። እንግዲህ ቀፎው ይቆማል፣ የሴሉ ቅርጽ አይጠፋም፣ የመጥረቢያውም ምት ይታያል፤ ግድግዳ በነበረበት ቦታ ግን ያለው ውሃ ነው። ውሃው ተንኖ ሲወጣ በሚፈጥረው ስበት የሳሳው ቀፎ ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ይህ ከተራ መኮማተር የተለየ ነው፤ የተኮማተረ እንጨት ሲረጥብ በመጠኑ ይመለሳል፣ የተደረመሰ ሴል አይመለስም።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ አቃቂ፣ ሜዳው ብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ይተኛል፤ አየር አይገባውም። ይህን ያየ ሰው እንጨት ለማቆየት ከዋልካ የተሻለ የለም ሊል ይችላል። በጋውን ግን ያስብበት። ጥቁር አፈር ሲደርቅ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አየር ይገባል፣ የላዩ አፈርም እየተንከባለለ ይወርዳል። ስለዚህ በስንጥቁ ጥልቀት ውስጥ ያለ እንጨት በየዓመቱ ይረጥባል፣ በየዓመቱ ይደርቃል፤ ለስላሳ ብስባሽና ዋሻ ቆፋሪ ባክቴሪያ እየተፈራረቁ ይበሉታል። ተስፋ ያለው ከስንጥቁ በታች፣ የከርሰ ምድር ውሃ ዓመቱን ሙሉ በማይለቀው ንብርብር ነው። ያንን ውሃ በጉድጓድ ፓምፕ ወይም በጥልቅ የፍሳሽ ቦይ ዝቅ ካደረግነው፣ ለመቶ ዓመታት የቆየ እንጨት ማንም ሳይነካው እዚያው አፈር ውስጥ መበስበስ ይጀምራል። በቅርስ ቦታ አጠገብ ቦይ ሲነደፍ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች፣ አጥንቶች፣ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው የሕፃናት ጭምር የእግር አሻራዎች ተገኝተውበታል። እነዚያ ሰዎች እንጨት አልተጠቀሙም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነውን የዛምቢያውን ካላምቦ ፏፏቴ አስታውሱ፤ እዚያ አንዱ በሌላው ላይ እንዲገጥም ሆን ተብሎ የተቦረቦረ ሁለት ግንድ ተገኝቶ 476 ሺህ ዓመት ገደማ ተገምቶለታል። ያቆየው ውሃ የጠገበው ደለል ነው። እንጨት በአንድ ቦታ መታጣቱ ስለ ሰዎቹ የሚነግረን ጥቂት፣ ስለ አፈሩ የሚነግረን ብዙ ነው።

መበስበስ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በቱርክ ጎርዲዮን በተባለች ጥንታዊ ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 740 ገደማ የተሠራ የንጉሥ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1957 ተከፈተ። ክፍሉ በግንድ የተሠራ ነው፣ ውስጡም በእንጨት ዕቃ የተሞላ ነበር። ሕንፃው ደረቅ ይመስላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ዋናው በላተኛ ለስላሳ ብስባሽ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ክፍሉ በአንድ ዘመን እርጥበት ገብቶት እንደነበር ነገረ። እንጨት በናይትሮጅን ድሃ ነው፤ ፈንገሱ ይህን ያህል ለመብላት ናይትሮጅኑን ከየት አመጣው? ተመራማሪዎቹ የናይትሮጅኑን አይሶቶፕ፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩትን የናይትሮጅን ዓይነቶች፣ ለኩ። የከባዱ ድርሻ እንደ ሰው አካል ከፍ ያለ ሆኖ ሲያገኙት ምንጩ የንጉሡ አስከሬን እንደሆነ ደመደሙ፤ ፈንገሱ ከሬሳው የወሰደውን ወደ እንጨቱ ተሸክሞታል። ያን እንጨት አንድ ሰው ቀድሞ በቫርኒሽ አጥግቦት ቢሆን ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። እንጨት ሲገኝ ማሽኑ ይቁም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና ባለሙያ እስኪደርስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። እስከዚያው እንጨቱን እዚያው ተዉት፤ የተገለጠውን ክፍል በረጠበ ስፖንጅ ወይም በረጠበ ጨርቅ፣ ከዚያም በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑት፤ በላዩ አፈር መልሱበት። ጥላ ይኑረው። በብሩሽ አትፈግፉት፣ በቧንቧ ግፊት አትጠቡት፤ የላዩ ሽፋን በጣት ጫና ብቻ ይለቃልና። በረኪና ጨርሶ አይነካው፤ ሊግኒኑን ያጠፋል፣ ቀጥሎ የሚደረገውንም ምርመራ ያበላሻል። መነሳት ካለበትም ቁመቱን ሙሉ ከሥሩ በሚደግፍ ጣውላ ላይ ይነሳ፤ በሁለት ጫፍ ይዞ ማንሳት በገዛ ክብደቱ መስበር ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ የወስፌ ነው። ቀጭን ወስፌ ያለ ኃይል ወደ ውስጥ ይገፋና ያለ ችግር የገባው ጥልቀት በሚሊ ሜትር ይመዘገባል። በአንድ ቦታ ብቻ አይበቃም፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከላይም ከጎንም ይደረግ። አምስት ሚሊ ሜትር ገብቶ ቀጥ ያለ ወስፌና እስከ እጀታው የሰመጠ ወስፌ ሁለት የተለያየ ሕክምና የሚጠይቁ እንጨቶችን ያመለክታሉ።

ቀጥሎ የውሃው መጠን ነው። ከ5 እስከ 10 ግራም የሚሆን ናሙና ከማይታይ ቦታ ይቆረጣል፤ ከላዩም ከልቡም ቢሆን ይመረጣል። በውሃ መሙላቱን ለማረጋገጥ በውሃ ውስጥ እንዳለ በቫኪዩም አየሩ ይወጣለታል። ላዩ በጨርቅ ይነካካና ይመዘናል። ከዚያ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማድረቂያ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይቆያል። ለምሳሌ ርጥቡ 6.3 ግራም፣ ደረቁ 1.05 ግራም ቢሆን፣ ውሃው 5.25 ግራም ነው፤ ለደረቁ ሲካፈል 500 በመቶ። በተለመደው አመዳደብ ከ400 በላይ እጅግ የተበላ፣ ከ185 እስከ 400 መካከለኛ፣ ከ185 በታች በአመዛኙ ጤነኛ ልብ ያለው ነው። ከዚሁ ቁጥር ጥግግቱም ይወጣል፤ የእንጨት ጠጣር ነገር በኩብ ሳንቲ ሜትር 1.5 ግራም ስለሚመዝን፣ አንድን 5 (500 በመቶው) ሲደመር 0.67 (አንድ ለ1.5) ለሚሆነው ድምር እናካፍላለን፤ በኩብ ሳንቲ ሜትር 0.18 ግራም ገደማ ይሆናል። ጤነኛው ጥድ 0.5 ነው ብለን ብንነሳ፣ ከግድግዳው ወደ ሁለት ሦስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ስህተት የሚመጣው ናሙናው ቀድሞ በከፊል ከደረቀ ነው፤ ውሃው ስለሚያንስ እንጨቱ ከእውነታው የተሻለ መስሎ ይታያል። አሸዋና ዝገት የገባበት ናሙናም እንዲሁ ያታልላል፤ እሱን አቃጥሎ አመዱን መመዘን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ማይክሮስኮፕ ነው። በአዲስ ምላጭ ሦስት ቀጫጭን ቅጠሎች ይቆረጣሉ፤ አንዱ ግንዱን አግድም አቋርጦ፣ አንዱ ከመሐሉ ወደ ቅርፊቱ፣ ሦስተኛው ከቅርፊቱ ጎን ለጎን። የዛፉ ዓይነት የሚለየው በሦስቱ ድምር ነው። ለስላሳ ብስባሽ በአግድም ቁራጩ ላይ በግድግዳው ውስጥ ክብ ክብ ቀዳዳ ሆኖ፣ በቁመቱ ቁራጭ ላይ ሾጣጣ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ሊስተው ይችላል። ሳፍራኒንና አስትራ ብሉ በተባሉ ቀለሞች ሲነከር ሊግኒን ያለበት ይቀላል፣ ሊግኒኑ ተወስዶ ሴሉሎስ ብቻ የተረፈበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ነጭ ብስባሽ የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ለእኛ አገር ላቦራቶሪ በጣም የሚመቸው ግን የፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን፣ ነው። ጤነኛ ሴሉሎስ በሁለት የተሻገሩ የፖላራይዝድ ማጣሪያዎች መካከል ያበራል፤ የተበላው ይጨልማል። የአግድም ቁራጩን አይታችሁ በጨለማ መሐል ተበታትነው የሚያበሩ ሴሎች ካገኛችሁ ሸርሻሪ ባክቴሪያ አንዱን በልቶ አንዱን መተዉ ነው። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ከተሰበረ የኤልሲዲ ስክሪን የተላጠ ፊልም ሁለት ቁራጭ፣ አንዱ ከናሙናው በታች አንዱ በላይ፣ ተራውን የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ለዚህ ሥራ ያበቃዋል። ኢንፍራሬድና ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የበለጠ ይናገራሉ፤ ወረፋ እስኪደርስ ግን ይህ ብዙውን ይመልሳል።

ሕክምናውን ባጭሩ። ውሃውን ሳያስደረምሱ ለመተካት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ፖሊኢታይሊን ግላይኮል የሚባል ሰም መሳይ ነገር ነው። ሞለኪውሉ ትንሹ፣ 400 የሚባለው፣ ብዙም ላልተበላ እንጨት ነው፤ ትልቁ፣ 4000 ገደማ፣ በጣም ለተበላው። ምሰሶው ላዩ የተበላ ልቡ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም በተራ ይገባሉ። ከ5 ወይም 10 በመቶ ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ችኩል ሰው በ40 በመቶ ቢጀምር፣ ሰሙ ከሚገባበት ፍጥነት በላይ ውሃው ተስቦ ይወጣና እንጨቱ በርሜሉ ውስጥ እያለ ይደረመሳል። ከዚያ በቅዝቃዜና በቫኪዩም ይደርቃል። ጊዜውን ለመገመት፦ እ.ኤ.አ. በ1628 የሰጠመችው የስዊድን መርከብ ቫሳ በ1961 ወጥታ 17 ዓመት ያህል ይህ ነገር ተረጭቶባታል። እንደዚያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 በእንጨቷ ላይ አሲዳማ ጨው ብቅ አለ፤ በባሕሩ ውስጥ የገባባት ድኝ፣ የዛገው የብረት ብሎን እያገዘው፣ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ እየተለወጠ ነበር። ከእንጨት ጋር ብረት ከተገኘ አብሮ ይመዝገብ፤ ምስማር አጠገብ ያለው ናሙና ለብቻው ይያዝ።

ቆመው ስላሉት ሕንፃዎች አንድ ነገር ብቻ። ከዚህ ጋራ ማዶ፣ እንጦጦ ላይ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ማርያምና አሮጌው ቤተ መንግሥት አሉ። በዚያ ከፍታ ጭጋጉና ዝናቡ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ የጭቃና የእንጨት ሕንፃ ወስፌው መጀመሪያ የሚሄደው ምሰሶው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከአፈሩ አንድ ስንዝር በላይና 30 ሳንቲ ሜትር በታች። አየሩም ውሃውም የሚገናኙት እዚያ ነው። ከዚያ በጥልቀት ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን እንጽፋለን።

አንድ ተቋራጭ «የቆየ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ብንለስነው ምን ይጎዳል?» ብለው ጠየቁ። ጭቃ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶው ግን መውጫውን ይዘጋል። ከመሬት የሚሳበው ውሃ እዚያው ምሰሶው ጋ ይቀራል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያልፋል፣ ቡናማው ብስባሽ ከልስኑ ሥር ይሠራል። ልስኑ ሳይሰነጠቅ ማገሩ ያልቃል። ጭቃ በጭቃ ይለሰን፤ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ይራቅ።

አንድ አባት ስለ የተቃጠለ ዘይት ጠየቁ። ለአዲስ የአጥር እንጨት ያው የኖረ ልማድ ነው፣ አንከራከርም። አባቶቻችን ለተከሉት ምሰሶና በር ግን አይሆንም፤ ወደ ውስጥ ብዙም አይገባም፣ አቧራ ይይዛል፣ ለእሳት ያጋልጣል፣ ከፔትሮሊየም የመጣ ካርቦን ስለሆነም ዕድሜውን በራዲዮካርቦን፣ ማለትም በውስጡ በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን መጠን፣ ለማወቅ ቢፈለግ እንጨቱን ከእውነቱ በላይ ያረጀ ያስመስለዋል።

አንዲት ተማሪ «የጥድ ቀለበት ቆጥረን ዕድሜውን ለምን አናውቅም?» አለች። የሐበሻ ጥድ ቀለበት አለው፤ ነገር ግን በልግና ክረምት ባለበት አገር ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ፣ በድርቅ ዓመትም ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ቆጠራው ብቻውን አይታመንም፤ ከራዲዮካርቦን ጋር ይያያዛል። ለዚያ የሚወሰደው ናሙና ከቅርፊቱ ሥር ካለው ከመጨረሻው ቀለበት ይሁን፤ ከልቡ ከተወሰደ የሚለካው ዛፉ የተቆረጠበትን ሳይሆን ልጅ የነበረበትን ዘመን ነው። በአሁኑ መሣሪያ ጥቂት አሥር ሚሊ ግራም ይበቃል። ከማንኛውም ሕክምና በፊት ይወሰድ፣ በንጹሕ ቢላዋ ይቆረጥ፣ በጥጥ ወይም በወረቀት ሳይሆን በአልሙኒየም ፎይል ይጠቅለል፤ ጥልቀቱና አቅጣጫው በእርሳስ ተጽፎ በሌላ ከረጢት ውስጥ፣ ከፎይሉ ውጭ ይቀመጥ።